የጓንጉል አሸንዳና የአያ ሙጬ በሬዎች

ሰው ተቀባዩን ሳያረጋግጥ የሰደደው ነገር ከንቱ ሲቀርበት፣ የእኛ አገር ሽማግሌዎች ጢማቸውን እያሻሹ ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። መነሻዋም ጓንጉል የሚባል ሰው ነው።

የጓንጉል እርሻ አምባው ላይ፣ ቤቱ ከገደሉ ሥር ነበር። በየዓመቱ አተሩን ተሸክሞ ያንን ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱ ይከዳዋል። አንድ ክረምት ግን ግንድ ሲቦረቡር ከረመና አንዱን ካንዱ እየቀጠለ፣ በባላ እየደገፈ፣ ከአውድማው እስከ ደጁ ድረስ ረጅም አሸንዳ ዘረጋ። ከላይ የለቀቁት አተር እየተንከባለለ ከቤቱ ደጅ ይወርዳል ማለት ነው።

አተሩ ተወቅቶ ያለቀ ዕለት ሚስቱ አትጠገብ፣ "ቆይ፣ እኔ ልውረድና ጫፉን ልየው። ስጠራህ ትለቃለህ" አለችው።

"እህል ቁልቁለት ላይ መንገድ ይጠፋዋል እንዴ?" ብሎ ሳቀባት።

እሷ በጠመዝማዛው መንገድ ወረደች። እሱ ግን አላስቻለውም፤ ገና ከዓይኑ ከመሰወሯ አንዱን ስልቻ ዘረገፈው። አተሩ አሸንዳውን እያንኳኳ ቁልቁል ነጎደ።

"ደረሰ ወይ?" ሲል ጮኸ።

"እምቧ!" አለ ከታች።

"እሺ አለች" አለ ጓንጉል ለራሱ። "ድምጿ ግን ጎርነን ብሏል፤ ጉንፋን ሳይዛት አልቀረም።" ሁለተኛውን ለቀቀ። "ልጨምር?"

"እምቧ!"

"ዛሬስ ምን ነክቷት ነው እንዲህ የታዘዘችኝ!" እያለ ስድስቱንም ስልቻ አራገፈና እየፎከረ ወረደ።

ግማሽ መንገድ ላይ አትጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከእግሯ እሾህ ታወጣለች።

"አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እየወረድኩ ነዋ!"

"ታዲያ ከታች እሺ ሲለኝ የቆየው ማነው?"

ተያዩ። ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብለው ቁልቁለቱን ተንደረደሩ።

ለካ የጎረቤታቸው የአያ ሙጬ በሬ አንገቱን ሲያክክ የመጨረሻውን ባላ ገፍቶት፣ የአሸንዳው አፍ በአጥር ላይ ዞሮ ወደ በሬዎቹ በረት ገብቷል። ሁለቱ በሬዎች ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ገና ያላምጣሉ።

"ወይኔ አተሬ!" አለ ጓንጉል።

"ወይኔ በሬዎቼ!" አሉ አያ ሙጬ ከቤት እየወጡ። "ተነፍተው ሊሞቱብኝ እኮ ነው! ምን ቆመህ ታያለህ? አንሸራሽራቸው እንጂ!"

ምስኪን ጓንጉል አተሩን የበሉበትን በሬዎች ሲነዳ ዋለ። በሬዎቹ በየእርምጃው ከኋላቸው ይተኩሳሉ፤ እሱ አፍንጫውን ይዞ ይከተላል፤ አትጠገብ በሳቅ ወገቧን ይዛለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሆዳቸው ጎደለ። አያ ሙጬም አዘኑለትና ለመጪው እርሻ በሬዎቹን በነፃ ሊያውሱት ቃል ገቡ።

በዚያ የሚያልፍ አንድ መንገደኛ ቆም ብሎ፣ "ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው ከበሬ ጋር የሚዞረው?" ሲል ጠየቀ።

አያ ሙጬ አጥሩን ተደግፈው፣ "ምን ይሆናል ልጄ፤ ሳያይ ያፈሰሰ፣ በሬ አጎረሰ" አሉት።