የዘምዘም ጀናዛ ደጅ ላይ የቆየበት ቀን

በአንዲት አሮጌ ከተማ፣ ስሟን ብጠራላችሁ «የኛ ናት» እያላችሁ ትጣላላችሁና ይቅር፣ ሸህ አብራር የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ብዙ ኪታብ የቀሩ፣ ብዙ የተማሩ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው። ዛሬ ሁለት ሱራ የያዘ ሁሉ ሲለፈልፍ ስሰማ እሳቸውን አስባለሁ።

በዚያች ከተማ እብሬ የሚባል የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪም ነበር። ሰው ሲሞትም ለቀብሩ ቀድሞ ዶማ የሚያነሳው እሱ ነው። አንድ ቀን ከመስጊድ ለምን እንደቀረ ቢጠይቁት «አላህ መኖሩን አላምንም» አለ። ወሬው ዞረ፤ ሲዞርም አበጠ። እብሬ ሌባ ነው ተባለ። የቆፈረው ውሃ ሐራም ነው ተባለ። ይህንን ግን ያወሩት ውሃውን እየጠጡ ነው።

በዚህ መሐል እናቱ ዘምዘም ሞቱ። ሴቶቹ አጥበው፣ ከፍነው በጊዜ ጨረሱ። የሴቱ ሥራ ሲያልቅ የወንዱ አፍ አላለቀም። ጀናዛውን በቃሬዛ ደጅ ላይ አስቀምጠው ክርክር ያዙ። ለቀብር ሰው የሚጠራው የቅሬው፣ የመንደሩ እድር ዳኛ ያሲን ዶማ እንደያዘ፣ «አላህን አምናለሁ ብለህ ሸሃዳውን በሰው ፊት በል፤ ያለዚያ አንድም ሰው ዶማ አያነሳም» አለው።

«በእናቴ ጀናዛ ላይ ቆሜ አልዋሽም» አለ እብሬ።

«አንዲት ቃል ናት እኮ! በላትና እንሂድ፣ ፀሐዩ ከረረ።»

ሸህ አብራር ይህን ጊዜ ደረሱ።

«ያሲን፣ ዛሬ የሞተው ማነው?»

«ዘምዘም ናቸው፣ ሸህዬ።»

«ከዲን ወጥተው ነበር?»

«አስተግፊሩላህ! እሳቸውማ ሰጋጅ ነበሩ።»

«ታዲያ እብሬን ልትቀብሩ ነው የመጣችሁት?»

ሸሁ ወደ እብሬ ዞሩ።

«ምንድነው ያልከው ልጄ?»

«ፈለግሁ ሸህዬ፤ ልቤ ውስጥ እምነት አጣሁ። የሌለኝን አለኝ አልልም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ሰማችሁ» አሉ ሸሁ። «ኢማን የለውም። ከባድ ነው፤ እፈራለታለሁ፣ ዱዓም አደርግለታለሁ። ሌብነቱንና ሐራሙን ግን ከየት አመጣችሁት? ደግሞ በሸሃዳ መዋሸት ታስተምሩታላችሁ?»

ከያሲን እጅ ዶማውን ተቀበሉ። «እብሬ፣ ስንሰግድ ዳር ቁም። ስንሸከም ግን የቃሬዛው ፊት ያንተ ነው።»

ሸሁ ሲቆፍሩ ቆሞ የሚያይ ወንድ ከየት ይመጣል? ሁሉም ተከተለ። ዘምዘም ከዙሁር ሶላት በፊት ተቀበሩ።

ሲመለሱ ያሲን፣ «ታዲያ ሸህዬ፣ ይህን ሰው ምን እንበለው?» አለ።

«ያላመነ በሉት። የጎደለውን በልኩ ተናገሩ፤ ከራሳችሁ አትጨምሩበት።»

እኔ ፊደሉን እንኳ በግድ ነው የለየሁት፤ ይህን ግን ገብቶኛል። ያላመነ ማለት ያላመነ ሰው ነው፣ ሌላ ስም አይለጠፍበትም፤ ፍርዱ የአላህ ነው። አምነናል እያሉ ሙስሊም ሴት ፀሐይ ላይ ያቆዩትን ምን እንደምትሏቸው እናንተ ፈልጉ።

ይህን በነገርኩ ቁጥር አንዱ «በኋላስ እብሬ አመነ?» ይለኛል። የነገሩኝ ሰዎች ይህን አልነገሩኝም። አመነ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፣ ታሪኩም ያምርልኝ ነበር። ግን አልጨምርም።