ወረፋዋን ድንጋይ የጠበቀላት ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት። እግሮቿ በልጅነቷ በፖሊዮ ስለተጎዱ የምትሰፋው በእጅ በሚዞር መኪና ነው፤ የምትሄደው ደግሞ በዊልቸር። ጎማ በቀኝ፣ ጎማ በግራ፣ ጎማ በጠረጴዛዋ ላይ። ክንዷን ብታዩት! እዚህ መካከላችን ጂም ቤት እየሄዱ መስታወት ፊት ፎቶ የሚነሱ ወንድሞች አሉ፤ ያንን ክንድ ቢያዩ ፎቶአቸውን ያጠፉ ነበር።

ይህች ሴት መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ስትሰፋ፣ ከከተማችን ከአዳማ ዳር አንድ ነገር ማደግ ጀመረ። መጀመሪያ ብረት። ከዚያ ብረት በብረት ላይ። ከዚያ ክብ ሆነ። አዲስ የመጫወቻ ፓርክ እየተሠራ ነበር፤ ያ ክብ ነገር ሰው አሳፍሮ ወደ ሰማይ የሚዞረው ትልቁ ጎማ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እየሰፋች አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለራሷ አንድ ነገር ነገረች፦ «እኔ ሁልጊዜ በዚህች መስኮት ወደዚያ አያለሁ። አንድ ቀን ደግሞ እዚያ ላይ ሆኜ ይህችን መስኮት አያታለሁ።»

ትንሽ ምኞት ናት? ለእናንተ ትንሽ ናት። እናንተ ፎቅ ወጥታችኋል። ዛፍ ላይ ወጥታችሁ ማንጎ ሰርቃችኋል፤ አትሳቁ፣ የማን ግቢ እንደሆነም አውቃለሁ። እሷ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ዓለምን ያየችው ከሰው ወገብ ከፍታ ነው።

ስሟ ትርንጎ ነው። ፈቅዳልኝ ነው የምነግራችሁ። ጠይቄያት። ይህቺን «ጠይቄያት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አምና በጥቅምት የወጣቶች ኅብረታችን ወደዚያ ፓርክ ጉዞ አዘጋጀ። ትርንጎ ቀድማ ተመዘገበች። የጉዞው ዕለት ጠዋት ከመዘምራን ልብስ የተረፈ ቀይ ጨርቅ አወጣች፤ አንሶላ ያህላል። መስኮቷ ላይ አንጠለጠለችው። ለምን? ከላይ ሆና ስትፈልጋት መስኮቷ እንዳትጠፋባት።

የጉዞው አስተባባሪ ማን ነበረች? እኔ። ረድኤት እባላለሁ፤ ሳይጠሩት የሚመጣ ረድኤት።

ፓርኩ በር ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ትርንጎ አፏን ሳትከፍት «ወንድሞች!» ብዬ ጮህኩ። ስድስት ወንድሞች እየሮጡ መጡ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ሽቅብ! «አይዞሽ እትዬ ትርንጎ! አይዞሽ!» ምን ሆና ነው አይዞሽ የሚሏት? እሷ አልፈራችም። ያላበው ወንድም ምትኩ ነው። ለካስ ከደረጃው ጎን መኪና የሚያስገባ ደልዳላ መንገድ አለ። እሷ ከአውቶቡሱ ሳትወርድ አይታዋለች። ግን ማን ጠይቋት!

ከዚያስ? ትልቅ ግራር ሥር በክብር አስቀመጥናት። ቀጥሎ ያደረግነውን ታውቃላችሁ፤ ሳቃችሁ ይናገራል። ቦርሳችንን ከመርንባት። በእኛ ሽርሽር «አይጫወትም» የተባለ ሰው ሥራው የታወቀ ነው፦ ዕቃ ጠባቂ። ሃያ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ጆንያ ዳቦ። «እትዬ ትርንጎ፣ አንቺ እዚህ ሆነሽ ዕቃ ጠብቂልን፤ ተባረኪ!» አልናት። «ተባረኪ» አንዳንዴ እንደ ቀበሌ ማህተም ነው፤ አንዴ ከተመታ ይግባኝ የለውም።

እሷ ግን ይግባኝ አለች። እኛ ዞር ስንል ዕቃውን አጠገቧ ሻይ ለምትሸጥ ሴት አደራ ሰጥታ፣ ጎማዋን እየነዳች ሄዳ የትልቁን ጎማ ወረፋ ያዘች።

ወረፋው ረጅም፣ ፀሐዩ ከባድ ነው። ጎማውን የሚያዞሩት ጋሽ ዋቅጅራ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ለሁሉም ይናገራሉ፦ «የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ከተነሳ ጎማው ይቆማል፤ ለአማቴም አላዞርም!» ትርንጎ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ከፊቷ ሃያ ሰው ቢቀር ነው። ይደርሳታል። ቀይዋን ጨርቅ ልታያት ነው።

በዚህ ሰዓት እኔ መጣሁ።

ፀሐይ ላይ አየኋት። ልቤ ቅቤ ሆነ። «ወይኔ! ምስኪን! ማን ነው እዚህ ሐሩር ላይ ጥሏት የሄደ?» አልኩ። እሷ ራሷ ነድታ መምጣቷ በሐሳቤ እንኳ አልመጣም። «ወንድሞች!»

«ረድኤት፣ ተይኝ፤ ወረፋ ይዤ ነው!»

«ምን ወረፋ እትዬ ትርንጎ፣ ጥላው ይሻልሻል!»

ስድስቱ አነሷት።

«አውርዱኝ!»

«አይዞሽ፣ አንጥልሽም!» አለ ምትኩ።

«ትጥሉኛላችሁ መች አልኩ? አውርዱኝ ነው ያልኩት!»

«አይዞሽ!»

ምትኩ መዝሙር ጀመረ። ሁላችንም ተቀበልነው። ስለ ፍቅር የሚዘመር መዝሙር ነው፤ ድምፃችን ደግሞ ከፍ ያለ ነው። የእሷ ድምፅ በፍቅራችን ተዋጠ።

ግራሩ ሥር መለስናት። በዚህም አላበቃንም። «ወንበሩ እንዳይንሸራተት» ብለን ከሁለቱ ጎማዎቿ ሥር ሁለት ድንጋይ ወሸቅን። ጎንበስ ብትል እጇ አይደርስበትም። ከዚያ ዳቦ ሰጠናት። ዳቦ!

አሁን ወደ ወረፋው እንመለስ። ከትርንጎ ኋላ ሂጃብ የለበሰች አንዲት እናት ቆማ ነበር። አይተዋወቁም ነበር፤ ያገናኛቸው ፀሐዩ ነው። ይህች እናት ትርንጎ ስትወሰድ አየች። በእኛ ሀገር ወረፋ ላይ ሰው ከሌለ ማን ይቆማል? ድንጋይ። ቦኖ ውሃ ላይ ድንጋይ፣ የዘይት ወረፋ ላይ ድንጋይ። እናትየዋ ጎንበስ ብላ አንድ ድንጋይ አነሳችና ትርንጎ በነበረችበት ቦታ አስቀመጠችው። ወረፋው አንድ እርምጃ ሲሄድ ድንጋዩን በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች። እሷ ስትዘነጋ ከኋላዋ ያለው ወጣት «ድንጋይዋ! ድንጋይዋ!» ይላታል። ስሟን የማያውቁ ሰዎች፣ መዝሙራችንን የማያውቁ ሰዎች፣ ድንጋይዋን ወደፊት እየገፉላት ነው።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ድንጋዩ ፊት ደረሰ።

«ቀጣይ!» አሉ ጋሽ ዋቅጅራ። ሰው የለም። ዝቅ ብለው አዩ። «ይሄ የማን ነው?»

«የዊልቸሯ ሴት ነው» አለች እናትየዋ። «ዘመዶቿ መሰሉኝ፣ እየዘመሩ ወሰዷት።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

«እሷማ አውርዱኝ ትላለች።»

«እህ! ጠለፋ ነዋ!» አሉ ጋሽ ዋቅጅራ።

ወገኖቼ፣ ልክ ናቸው።

ሽማግሌው ጎማውን አቁመው ወደ ግራሩ መጡ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ አፌን ዳቦ ሞልቶታል።

«ልጄ፣ ድንጋይሽ ደርሷል» አሏት። «አንቺስ?»

«እኔማ ታስሬአለሁ» አለች፤ ወደ ጎማዋ ጠቆመቻቸው።

ጋሽ ዋቅጅራ ጎንበስ ብለው የእኛን ሁለት ድንጋዮች አነሱ። ከዚያስ ምን አደረጉ? እዚህ ላይ ስሙኝ። ዊልቸሯን አልነኩም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጠየቋት።

«ልግፋሽ ወይስ ራስሽ ትነጂዋለሽ?»

«ራሴ እነዳለሁ።»

«እንግዲያው ቅደሚ፤ ነፋሱ መጣ።»

ይኸው ነው። አንድ ጥያቄ። እኔ የሥነ መለኮት ኮሌጅ ደጅ አልረገጥኩም፤ የማውቀውን ራሴ ለቃቅሜ ነው ያወቅኩት፣ እንደምታዩትም አላፍርበትም። ያን ቀን ግን ጎማ የሚያዞሩ ሽማግሌ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተማሩኝ።

ጎማው ሥር ስንደርስ ትዕዛዝ የምትሰጠው እሷ ሆነች። «ጋሼ፣ መሳፈሪያ ሳጥኑን ከመሬቱ እኩል ያቁሙልኝ። ምትኩ፣ አንተ ወንበሩን ያዝ። እኔን አይደለም፣ ወንበሩን!» ምትኩ ወንበሩን ያዘ። በሁለት ክንዷ ተመርኩዛ፣ ብድግ፣ ገባች። ስድስት ወንድም ያላበበት ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አሁን ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ምን ትቆሚያለሽ አንቺ ልጅ? ግቢ። ለሁለት ሰው ነው።»

ገባሁ። አሁን ልናዘዝ፤ ከፍታ እፈራለሁ። እኔ፣ በዚህ ምላስ፣ ከፍታ እፈራለሁ። ጎማው ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ላይ ቆመ። ነፋሱ ሳጥኑን ወዝወዝ አደረገው። ያኔ ከአፌ የወጣውን አልደግመውም፤ ስብከት ላይ ነን። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ረድኤት።»

«እ!»

«እጅሽን ልያዝልሽ?»

ጠየቀችኝ! ወገኖቼ፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሳልጠይቃት ያስሸከምኳት ሴት፣ እኔ ስፈራ፣ እጄን ከመያዟ በፊት ጠየቀችኝ።

«ያዢኝ!» አልኩ።

ያዘችኝ። «አይዞሽ» አለችኝ። ያ «አይዞሽ» ግን ሰው ላይ አረፈ፤ የፈራ ሰው ነበርና። «አሁን ዓይንሽን ግለጪና ቀይ ፈልጊልኝ።»

ፈለግን። ቆርቆሮ ነው። አሁንም ቆርቆሮ። የባጃጅ ሰልፍ። ደግሞ ቆርቆሮ። ጎማው ሊወርድ ነው፤ ፍርሃቴን ረስቼ አንገቴን አስግጌአለሁ። «እትዬ ትርንጎ፣ የለችም!» ልል አፌን ስከፍት...

«ያቻትና!» አለች።

የክብሪት ራስ የምታህል ቀይ ነገር። ነፋሱ ያርገበግባታል።

ትርንጎ አለቀሰች ብላችሁ መሐረብ ያወጣችሁ እህቶች፣ መልሳችሁ አጣጥፉት። ሳቀች። እስክታስለቅሰኝ ድረስ... አይ፣ እስክታስቀኝ ድረስ ሳቀች። «ይቺን ነው የምታህለው? ዓለምን እስከ ዛሬ ያየሁት በዚች ቀዳዳ ነው?» አለች።

ስንወርድ ጋሽ ዋቅጅራ ጎማውን አቆሙ። የዕለቱ የመጨረሻ ዙር የእሷ ነበር።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ወንበራችሁ ላይ አትመቻቹ።

እኛ ሴትዮዋን ተሸክመን ወደ ኋላ ወሰድናት። የማያውቋት ሰዎች ድንጋይዋን ገፍተው ወደ ፊት አደረሱላት። ከሁለታችን ማን ረዳት? እኛም እኮ ድንጋይ ነበረን። እኛ ጎማዋ ሥር ወሸቅነው፤ እነሱ ቦታዋን አስጠበቁበት። ያው ድንጋይ ነው፣ ወገኖቼ! ያው ድንጋይ!

እናንተስ ስንቱን ሰው ከወረፋው አንስታችሁ ጥላ ሥር አስቀመጣችሁ? አባታችሁ ጡረታ ወጡ። «አሁንማ ይረፉ» ብላችሁ ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን ፊት ተከላችኋቸው። ሰውየው የሚፈልጉት ጓሮ ወርደው ጎመን መኮትኮት ነው። ጠይቃችኋቸዋል? ባሏ የሞተባትን እህት «ሐዘን ላይ ናት፣ እናሳርፋት» ብላችሁ ከመዘምራን ዝርዝር ሰረዛችኋት። ምናልባት ቀኑን የሚያሳልፍላት ያ መዝሙር ብቻ ነበር። ጠይቃችኋታል? «ስለ አንተ እየጸለይን ነው» የምትሉትን ወንድምስ፣ ምን እንዲጸለይለት እንደሚፈልግ አንድ ቀን ጠይቃችሁታል? ወይስ ለእሱም እየዘመራችሁ ነው?

ሁሉን የሚችለው ጌታ እንኳ የልባችንን በር ገንጥሎ አይገባም፤ ያንኳኳል። ታዲያ እናንተ ማን ሆናችሁ ነው ሳታንኳኩ የምትገቡት? እኔስ ማን ሆኜ ነው?

ባለፈው ሳምንት እኔም ዘግይቼ አንኳኳሁ። የዚህ ቤተ ክርስቲያን በር አራት ደረጃ አለው። ስድስት ዓመት ሙሉ ትርንጎን ተሸክመን አስገብተናታል። እንኮራበታለን፤ «እዚህ ቤት ፍቅር አለ» እንላለን። ሄጄ «እትዬ ትርንጎ፣ በዚህ ቤት ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። የጸሎት ርዕሷን ልጽፍ ደብተሬን ከፍቻለሁ።

«ማርፈድ እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«ምን?»

«ማርፈድ! ተሸካሚዎቹ በር ላይ የሚቆሙት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ስድስት ዓመት አንድም እሁድ አርፍጄ አላውቅም። እንደ እናንተ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ሹልክ ብዬ ገብቼ፣ ማንም ሳያየኝ ከኋላ መቀመጥ አምሮኛል። ከደረጃው ጎን ለጎማዬ የሚሆን መወጣጫ ሥሩልኝ።»

ይኸው አሁንም ፊት ተቀምጣ ትስቃለች። ፊት ማን አስቀመጣት? እኛ። ጠይቀናታል? ኧረ ዝም በሉ።

ስትገቡ የረገጣችሁት አሸዋ ለዚያ ነው የመጣው። የመወጣጫውን ልክ የወሰደችው ራሷ ናት፤ በልብስ ሰፊ ሜትር። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኑ። ምትኩ፣ አንተም፣ ስድስታችሁም። መሸከም ለሚወድ ሰው ሥራ ሞልቷል፤ ሲሚንቶ አለ፣ ድንጋይም አለ። እነሱን ሳትጠይቁ ተሸከሙ፤ አይቀየሙም። ሰውን ግን ጠይቁ።

ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላም፣ አንድ እሁድ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ከኋላ በሩ ሲጢጥ ሲል ብትሰሙ፣ ማንም ዞር ብሎ እንዳያይ። አደራ። አርፍዳ ነው።