ለአዛዡ ተው ባዩ ማነው?

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ እርሾ መመርመር ነው። አዎ፣ ሊጥ የሚያቦካውን እርሾ! ተምራበት ዶክተር ተብላበታለች።

በእርሾ ውስጥ አዛዥ አለ፣ ወገኖቼ። በዓይን የማይታይ ፕሮቲን ነው። ጂኖች ላይ እየተቀመጠ አንዱን «ሥራ»፣ ሌላውን «ተው» ይላል። እሷን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው፦ አዛዡን ራሱን «ተው» የሚለው ማነው?

ቤቷ ስትገባ ደግሞ አዛዧ እሷ ናት። «ጸደንያ፣ ተይ! ይሄን አትልበሺ! እዚያ አትሂጂ!» ልጇ ጸደንያ ሥራ የያዘች ትልቅ ሰው ናት። አንድ ቀን ጠዋት መረራት።

«እማዬ፣ በቃኝ፤ አክስቴ ጋ ልገባ ነው። ለሰው ሁሉ ተው ባይ አንቺ ነሽ። ላንቺስ ተው ባይሽ ማነው?»

እናት ምን መለሰች? በሩን ድርግም አድርጋ ዘግታ ወጣች።

ላቦራቶሪ ደረሰች። አዛዡን ራሱን ከሚያሠራው ጂን ላይ አንዲት መቀመጫ ቆርጣ አውጥታ ነበር፤ ማን እንደሚቀመጥባት ግን አታውቅም። እርሾ ሲረባ ብልቃጡ ይደፈርሳል። የዛሬው ግን እንደ ውሃ ጠርቶ ጠበቃት። እርሾው አልቋል!

«ታወቀ ዶክተር» አላት ባልደረባዋ አቶ ዳምጠው።

«ማነው የሚቀመጥባት? ከአዛዡ በላይ ያለው ማነው?»

«ማንም የለም። ራሱ ነው። ሲበዛ መጥቶ የራሱ ጂን ላይ ይቀመጥና ራሱን ተው ይላል። መቀመጫውን ስናነሳበት ዝም ብሎ በዛ፤ ቤቱን ፈጀው።»

ክው አለች! የጠዋቱ ጥያቄ በጆሮዋ ጮኸ። ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ጸደንያ ሻንጣዋን እየዘጋች ነው። የእናት አፍ እንደለመደው ተከፈተ።

«ተይ!»

«አሁንም እኔን?»

«አይደለም ልጄ... ራሴን ነው።»

ጸደንያ ደነገጠች። እንዲህ ያለ ቃል ከዚህ አፍ ሰምታ አታውቅም። ሻንጣውን አልፈታችውም፤ ግን ላዩ ላይ ቁጭ አለች። «እሺ እማዬ፣ እየሰማሁሽ ነው» አለቻት።

እናንተስ? ስንቱን ጎረቤት ተው ብላችሁ አስታረቃችሁ? ስንቱን ልጅ ተቆጣችሁ? ራሳችሁንስ? እርሾ ራሱን ተው ይላል፣ ወገኖቼ፣ እርሾ! ፈጣሪ ለዚያች ደቃቅ ፍጥረት የሰጣትን ለእናንተ የነፈጋችሁ ይመስላችኋል? አልነፈጋችሁም። መቀመጫዋን ቆርጣችሁ የጣላችሁት እናንተ ናችሁ!

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አፋችሁ እንደለመደው ይከፈታል። የመጀመሪያዋን «ተው» ለራሳችሁ በሏት። ሻንጣው ገና ከደጃፍ አልወጣም።