ለአያ ቢተው በቅሎ የተጠራ ዋስ

አንድ ቀን፣ ጣሊያን አገራችንን በያዘ በአምስተኛው ዓመት፣ ሰኞ ገበያ በምትባል አንዲት የጎጃም ከተማ በቅሎ ያለው ሰው ሁሉ በቅሎውን ይዞ ገበያው መሀል እንዲሰለፍ ታዘዘ። ትእዛዙን ያወጣው የከተማዋ ገዥ ካፒታኖ ፌሬቲ ነው። ይህ ካፒታኖ ከሌሎቹ ጣሊያኖች የሚለየው አማርኛ አሳምሮ መቻሉ ነበር። ችግሩ፣ ቋንቋውን ስለቻለ አገሩንም ያወቀው መሰለው። ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ፀሐይ ላይ እያቆመ የገዛ አባቶቻቸውን ሕግ ያስተምራቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ሙግት ሲሰሙና ሲፈርዱ የኖሩ ሰዎች «አሃ፣ ለካ እንዲህ ነው» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁለታል። ምን ያድርጉ፣ ጠመንጃው ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ከሕጋችን ሁሉ ካፒታኖን ደስ ያሰኘው ዋስ ነው። «የሀበሻ ሕግ ምሰሶው ዋስ ነው፤ ዋስ የሌለው ሰው አይታመንም» ማለት ያዘወትራል። በንግግር ቢያበቃ ደግ ነበር። አርበኛ አለመሆኑን የሚመሰክርለት ዋስ ያልጠራ ሰው ከተማም ገበያም አይገባም ብሎ አወጀ። ቅቤ ልትሸጥ የመጣች ባልቴት ዋስ ትጠራለች። አንድ ጊዜ ለፍታት የመጡ ቄስ ሳይቀሩ ዋስ እስኪገኝላቸው ከከተማዋ በር ላይ ቆመው፣ ሬሳው ከበሩ ወዲያ ሲጠብቃቸው ውሏል።

ሌላው አመሉ ወሬ ነው። ሰኞ ሰኞ ሳጥን ላይ ወጥቶ የዓለምን ጦርነት ለገበያተኛው ያወራል። ያ ዘመን መቼም ዓለም ለሚጮህ ሰው የተሰጠችበት ዘመን ነበር። ሮማ ላይ አንዱ ሰገነት ወጥቶ አገጩን ቀስሮ ይጮሃል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። በርሊን ላይ ሌላው እጁን እየወረወረ ይጮሃል፤ እዚያም ይጨበጨባል። ሰው ሁሉ የእነሱን ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ጎረቤቱ ላይ ማሳበቅ ያዘ። ቆይቶ ያ ሲያጨበጭብ የነበረው ሁሉ ጠመንጃ ተሰጠውና ስሙን እንኳ ሰምቶት በማያውቀው አገር እየሄደ ይገድልና ይሞት ጀመር። ሠለጠንን የሚሉት እነዚህ ናቸው። እኛን ልናሠለጥን መጣን ያሉትም እነዚሁ ናቸው።

ካፒታኖ ይህን ሁሉ የሠርግ ወሬ አስመስሎ ነው የሚያወራው። ፖላንድ ተዋጠች፣ ፈረንሳይ ተንበረከከች፣ ለንደን እየነደደች ነው ይላል። አንድ ሰኞ «ግሪክ ገባን» ብሎ አበሰረ። በሚቀጥለው ሰኞ ግሪክን ጨርሶ ሳያነሳ ስለ ዝናቡ አውርቶ ከሳጥኑ ወረደ። ግሪክ ውስጥ ምን እንዳገኛቸው ገበያተኛው ከፊቱ ተረዳ።

በዚያው ሰሞን ጦርነቱ እኛ ደጃፍ ደረሰ። እንግሊዝ ባሕሩን ስለዘጋበት ጣሊያን ቤንዚን አጠረው፤ መኪናዎቹም ቆሙ። ስለዚህ ወደ ሱዳን ጠረፍ ስንቅና ጥይት የሚያደርስ በቅሎ ተፈለገ። ካፒታኖም የዚያን ቀን ሳጥኑ ላይ ወጥቶ፣ «በቅሎዎቻችሁን የምንወስደው ለጊዜው ነው። ባሸነፍን ማግሥት ለየባለቤታቸው ይመለሳሉ» አለ። ከዚያ በፊት የሄዱ በቅሎዎች ነበሩ፤ ከእነሱ የተመለሰ አንድም አልነበረም።

ከተሰለፉት አንዱ አያ ቢተው ነው። አያ ቢተው ጨው ነጋዴ ይባላል፤ ይባል እንጂ ያለችው አንዲት ዳማ በቅሎ ናት። እሷ ጨው ተሸክማ ስትመጣ ቤተሰቡ ይበላል፤ እሷ ከቆመች ጦሙን ያድራል። ከንግዱ ይልቅ የሚወደው ግን ሙግት ነው። የራሱ ጉዳይ ባይኖረውም ችሎት ባለበት ሁሉ ሄዶ ይቀመጣል። ማን በምን እንደተረታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለየዝና ካልተረከላት እህል አይወርድለትም። የዚያን ቀን ጠዋት በቅሎዋን ሲፈታ የዝና በሩ ላይ ቆማ፣ «አንተ ሰው፣ ዛሬ እንኳ አፍህን ያዝ። በቅሎዋን ብናጣ ትከሻህ አለ። አንተን ብናጣስ ምን አለን?» ብላዋለች።

እሱም ዝም ሊል ቆርጦ ነው የመጣው። ባለፈው ሳምንት በቅሎውን የደበቀ ሰው ተገርፎ ገና ከአልጋው አልተነሳም።

በቅሎዎቹን የሚረከበው ፊታውራሪ ውብነህ የሚባል ባንዳ ነበር። ጣሊያን ሳይመጣ የአንድ ባላባት በር ጠባቂ ነበር። ማዕረጉን የሰጠው ጣሊያን ነው፤ ከማዕረጉም ጋር ካባ ሰጥቶታል፤ ውብነህም በጠራራ ፀሐይ እንኳ አያወልቀውም። ሰልፉን እየቃኘ መጥቶ አያ ቢተው ፊት ቆመ፤ የበቅሎዋን አንገት ዳበሰ፣ ጥርሷንም ገልጦ አየ።

«ይቺስ ጥይት አትሸከምም። ለኔ መቀመጫ ትሆናለች» አለ። «በል ልጓሙን አምጣ።»

አያ ቢተው ደሙ ፈላ። ለጦርነቱ ተወሰደች ቢባል ችሎ ሊመለስ ነበር። የውብነህ መቀመጫ ትሁን የሚለው ግን አልዋጥ አለው።

«እሰጣለሁ ፊታውራሪ» አለ። «ዋስ ይጠራልኝና እሰጣለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ዋስ። በቅሎዬ እንድትመለስ ዋስ።»

«ከመንግሥት ዋስ ትጠይቃለህ? አብደሃል?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ ፊታውራሪ። ዋስ የሌለው አይታመንም ብለው ያስተማሩን ካፒታኖ ናቸው። ቄሱ እንኳ ያለ ዋስ አላለፉም።»

ካፒታኖ ይህን ሰማ። ትምህርቱ ፍሬ አፍርቶ፣ የገዛ ቃሉ ሲጠቀስ ሲሰማ ደስ አለው። ውብነህን በእጁ ምልክት አቆመና ከሳጥኑ ወርዶ መጣ።

«ተወው፤ ሰውየው በሕጉ ነው የጠየቀ» አለ።

ውብነህ ይህን ሲያይ ካባውን ወደ ኋላ ጣለና፣ «እንግዲያው እኔ ዋስ ነኝ» ብሎ ደረቱን መታ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አያ ቢተው። «ግን ፊታውራሪ፣ ዋስ የሚሆን ሰው የሚያዝበት ንብረት ሊኖረው ይገባል። የርስዎ በቅሎዎች ትናንት ወደ አማቾችዎ አገር ወርደዋል ሲሉ ሰማሁ። የኔዋ የጠፋች እንደሆነ ምንዎን ልይዝ ነው?»

በሰልፉ ውስጥ ብዙ ሰው ሳል ያዘው። ካፒታኖ ቀስ ብሎ ወደ ውብነህ ዞረ፤ የእነዚያን በቅሎዎች ነገር የሰማው ገና አሁን ነው። ውብነህ ካባውን ማስተካከል ጀመረ።

«አንተ ወግድ» አለው ካፒታኖ። ከዚያ ወደ አያ ቢተው ተመልሶ በኩራት ቆመ። «ስማ አንተ ሰው። ኢጣልያ ዋስ ያጣች መሰለህ? ዋሷ ጀርመን ነው። ስለ ጀርመን ሰምተሃል?»

«ያልሰማ አለ እንዴ ጌታዬ? ፓሪስን የያዘው አይደለም?»

«እሱ ነው።»

«ደህና ዋስ ነው። ግን አገሩ ሩቅ ነው፤ እኔ እዚያ ድረስ ሄጄ አልይዘውም። የዋስ ዋስ ይጠራ። ለጀርመንስ ዋሱ ማን ነው?»

«ጃፓን።»

«ለጃፓንስ?»

ካፒታኖ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ሳቀ። ገበያው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ለጃፓን ዋሱ ኢጣልያ ናት። አሁን ገባህ? ባለፈው መስከረም ሦስቱ መንግሥታት በርሊን ላይ ቃል ኪዳን ተፈራርመዋል። እኛ ለጃፓን፣ ጃፓን ለጀርመን፣ ጀርመን ለእኛ። ክፍተት የለውም። ችሎት ለችሎት ስትዞር ነው የኖርከው አሉ። እስቲ ንገረኝ፣ እንዲህ ያለ ዋስ አይተህ ታውቃለህ?»

አያ ቢተው የየዝና ቃል ትዝ አለው። ዝም ብሎ ልጓሙን ቢሰጥ ቤቱ በሰላም እንደሚገባ ያውቃል። በቅሎዋ ደግሞ እጁን እያሸተተች ነበር።

«አይቻለሁ ጌታዬ» አለ። «አንድ ጊዜ።»

«የት?»

«ችሎት ላይ። ሦስት ሰዎች ቀርበው ዳኛው ዋስ ጥሩ አሏቸው። አንደኛው ሁለተኛውን ጠራ። ሁለተኛው ሦስተኛውን ጠራ። ሦስተኛው ዞሮ አንደኛውን ጠራ። ሦስቱም የተያዙት በአንድ በሬ ስርቆት ነበር።»

አንዲት ጌሾ ሻጭ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ሳቀች። ሌላው ተከተለ፤ ወዲያው እስከ ከብት ተራው ድረስ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ያ ገበያ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ካፒታኖ የሚተረጉምለት ሰው ቢኖረው ኖሮ ነገሩን አለሳልሶ ይነግረው ነበር። አማርኛ ስለሚችል ግን አንድም ነገር አላመለጠውም።

«ይገረፍ!» አለ ውብነህ።

ካፒታኖም እጁን ወደ ሽጉጡ ሰዶ ነበር። ግን ሰልፉን አየ፤ ባለ በቅሎዎቹ አንድ በአንድ ልጓማቸውን እጃቸው ላይ እየጠቀለሉ ነው። ከገበያው ባሻገር ያለውንም ተራራ አየ፤ አርበኞቹ እዚያ እንዳሉ ያውቃል። ዋስ የጠየቀ ሰው ፊታቸው ቢገደል፣ ይህ ሁሉ ሰው በየበቅሎው ተቀምጦ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ካፒታኖ መሆን አያስፈልግም። እጁን ከሽጉጡ አነሳ። በጉልበት የማይሆነውን በሕግ እረታዋለሁ ብሎ አሰበ፤ ሕጉን ያውቅ የለ።

«ዳኛው ታዲያ ምን ፈረዱ?» ሲል ጠየቀ።

«ሦስቱን አሰሯቸው።»

«በሬውስ?»

«በሬውማ ጌታዬ» አለ አያ ቢተው፣ በቅሎዋን ወደ ቤቱ መንገድ እያዞረ፣ «ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤቱ ሄደ።»

ከኋላው የቆመው ሰውም በቅሎውን አዞረ።