ክረምት ሲገባ ቁርጡን ትሰማላችሁ

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ በቀረበት በጋ፣ አህያና ጅብ ከዝሆን ትምህርት ቤት ደጅ ተገናኙ። ዝሆን ከአሸዋ ሥር ውሃ ማውጣትን ታስተምራለች። አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ የመጣችው፣ ትንሿ ለአንድ ጉንጭ ውሃ የግማሽ ቀን መንገድ መሄድ ስላቃታት ነው። ጅብ ደግሞ «ውሃ ባለበት ጠጪ አይጠፋም፤ ጠጪ ባለበት ሥጋ አይጠፋም» ብሎ ነው።

በር ጠባቂዋ ኤሊ ማመልከቻቸውን ተቀብላ ገባችና የሁለቱንም መልስ ይዛ ወጣች።

«አላለፋችሁም፤ አልወደቃችሁምም። ክረምት ሲገባ ቁርጡን ትሰማላችሁ።»

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለች አህያ። ኤሊ ግን አንገቷን ሰብስባ ነበር።

ቀበሮ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ይሰማል። «ደጅ መጥናት ነዋ!» አለ። «ከዚህ እንዳትነቃነቁ። ዝሆን ስትወጣ እጅ ንሱ፣ ስትገባ እጅ ንሱ። ፊታችሁን ከለመደችው ጨክና አትመልሳችሁም።»

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» አለና ጅብ እዚያው ተዘረፈጠ። ቀበሮም ጅብ በዋሻው ወደ ሸሸገው ሥጋ ቀጥ ብሎ ሄደ።

አህያም ተቀመጠች። መቀመጡ ግን አልሆነላትም። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል። ተነስታ በሩን ታያለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትነሳለች።

«አንቺ፣ አዞርሽኝ እኮ!» አለ ጅብ። «በዚያ ላይ ስትንጎራደጂ ያ ታፋሽ… ዝሆን ባትኖር ኖሮ!»

«አያ ጅቦ፣ ምራቅህን ጥረግ። ተማሪ ልትሆን አይደል የመጣኸው?»

በአራተኛው ቀን አህያ፣ ውርንጭላዋ ምላሷን አውጥታ ስታለከልክ አየች። አላስቻላትም፤ ኤሊ ፊት ሄዳ ቆመች።

«እትዬ ኤሊ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ምን ጎደለኝ?»

ኤሊ አንገቷን አወጣች። «ይህን የጠየቀኝ የለም። ማመልከቻሽ ውሃ እንደምትወጂ ይናገራል። ውሃ የማይወድ ማን አለ? ቆፍረሽ ታውቂያለሽ ወይ?»

«አላውቅም።»

«በይ እንግዲህ።»

ከወንዙ መታጠፊያ ስሙን ማንም የማያነሳው ከርከሮ መቆፈር ያስተምር ነበር። አህያ እሱ ዘንድ ወረደች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ተናደባት። ሁለተኛው ድንጋይ ሆነ። እየቆፈረች እንኳ አንገቷ ወደ ዝሆን ደጅ ይዞራል።

«እዚያ ማዶ ምን አለ?» ይላታል ከርከሮ። «አሸዋው ያለው እዚህ ነው!»

ሦስተኛው ረጠበ። እርጥቡን አሸዋ በቅጠል ጠቅልላ ለኤሊ ወሰደች። «ከማመልከቻዬ ጋር ይቀመጥልኝ» አለችና ሳትቀመጥ ተመለሰች።

የመጀመሪያው ደመና ሲታይ ኤሊ ወጣች። ጅብ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል።

«ቦታው ሞልቷል» አለችው።

«እንዴ! ፊቴን አላየችም?»

«አየች እንጂ። ሌላ ያየችው ነገር የለም።»

ጅብ ወደ ዋሻው ቢሮጥ፣ ቀበሮ አጥንት እንኳ አላስተረፈለትም።

ኤሊ ወደ ወንዙ ወረደች። «አህያ፣ ዝሆን አሸዋሽን አይታ ወዳዋለች። ግን ዘንድሮ ቦታ የለም፤ ለከርሞ ትሞክር ብላለች።»

አህያ ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመች ጆሮዋን ጣለች። ከፍቷት ነበር፤ አልደበቀችውም።

«እሞክራለሁ» አለች። «እስከዚያው ግን ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ፤ ልጄ እየጠጣች ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ «ቆዩ» ካሉን ሰዎች ደጅ ልባችን ቢቀር እንኳ እጃችን አብሮ መቅረት እንደሌለበት ነው።