መጋረጃዋን የቦጨቀችው ሙሸበክ ጠባሽ

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ ሼሁ። ልብስ ሰፊው ይመር፣ «ሼህዬ፣ ሙያዬን ለሰው ባስተምር እንጀራዬን አልነጠቅም ወይ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ይህች ሴት በየዓመቱ መውሊድ በሚከበርበት ሜዳ ላይ ቦምቦሊኖ ትጠብስ ነበር። ቦምቦሊኖ ደግሞ ማንም ይጠብሳል፤ እሷ ጋ ገዢ የሚመጣው ሌላው ጋ ሲያልቅ ነው። አንድ ዓመት ሊጧ ቀጠነባት። ልትደፋው ብትል አንጀቷ አልችል አላት። ታዲያ ታቹ በተበሳ ጣሳ እያዞረች የፈላ ዘይት ላይ አፈሰሰችው። ድቡልቡልነቱ ቀርቶ ተጠላልፎ ወጣ። በስኳር ውሃ ነክራ ቀመሰችው፤ አፏ ውስጥ ክሽ አለ! ሙሸበክ እንዲህ ተጀመረ ይላሉ፤ እውነት ይሁን ተረት አላህ ይወቀው።

ሴትዮዋ ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት። ከደስታው ጋር ግን ፍርሃትም ገባት። በማግስቱ ምድጃዋን ዙሪያውን በመጋረጃ ጋረደችው። አጠገቧ የሚሸጡት ቆሎ ሻጮች «ምን ብትደባልቅበት ነው የምትደበቀው?» እያሉ አሟት፤ እሷም «ምቀኞች!» ብላ ንቃ ተወቻቸው። አምስት ዓመት እንዲሁ ብቻዋን ጠበሰች። ገዢ ነበራት፤ እንዴት አደርሽ የሚላት ጎረቤት ግን አልነበራትም።

በስድስተኛው ዓመት፣ በበዓሉ ዕለት ረፋድ ላይ፣ ሜዳው በሰው ጢም ብሎ ሳለ ዘይቱ ገንፍሎ ቀኝ እጇን ላጠው። ሁለት ጋን ሊጥ ኩፍ ብሎ ይጠብቃታል፤ ቀትር ካለፈ ይሆመጥጣል። የዓመት ተስፋዋ እሱ ብቻ ነበር። በግራ እጇ ሞከረች፤ ሊጡ እየተንጠፋጠፈ እሳቱ ላይ ወደቀ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነሣችና በዚያው በግራ እጇ መጋረጃውን ይዛ ቦጨቀችው።

«እህቶቼ፣ ድረሱልኝ! እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ አሠራሩን አሳያችኋለሁ!»

ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ዋናዋ ሐሜተኛ ቆሎ ሻጭ ናት። «አንቺን እኮ ድሮም አመልሽ ነው የጎዳሽ፤ በይ ጣሳውን ስጪኝ» አለቻት።

አራት ሴቶች ተሰለፉ። አንዷ ሰፋ አድርጋ አዞረችው፣ ሌላዋ እንደ ሹሩባ ጎነጎነችው። ሕዝቡ ጉድ አየ። ለካ መብላቱ ብቻ ሳይሆን ሲሠራ ማየቱም ደስታ ኖሯል! ሊጡ ዘይቱ ላይ በተጠማዘዘ ቁጥር ሕፃናቱ ይጮኻሉ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተጋፉ። የቀትሩ የዙህር አዛን ሳይሰማ ሁለቱም ጋን ተሟጠጠ። እልልታው ሜዳውን አናወጠው። ሴትዮዋ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ፣ እየሳቀች እያለቀሰች መሃል ቆመች። በዕድሜዋ እንዲያ ኮርታ አታውቅም።

በዓመቱ ሃያ ጠባሽ ወጣ። ለሙሸበኩ ብቻ ብሎ ከሦስት ወረዳ ሰው ጎረፈ። ከሃያዎቹ ግን አንዷም እሷ ሳትቀመጥ ቦታ አትይዝም፤ ሊጡን እሷ ካልቀመሰችው ዘይት አይጣድም።

ሼሁ ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ።

«ይመር፣ ያቺ ሴት አንተ ነህ። ኮት ስትቆርጥ በርህን ትቀረቅራለህ፤ የሰፈሩ ሰው የመቀስህን ድምፅ እንጂ ሙያህን አያውቀውም። ሙያ ብታስተምረው የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት በረሃብ በሞተች ነበር። እሷ በሯን ለመክፈት እጇ እስኪቃጠል ጠበቀች። አንተ እጅህ ደህና ሳለ ክፈተው።»