ኖር እንዳይል የተለመነው ግንበኛ

አንድ ግንበኛ ነበር፤ ዋሴ ይባላል። የግድግዳ ጫፍ ላይ እንደ ሜዳ የሚራመድ ሰው ነበር። አንድ ክረምት ጉንፋን ብጤ ጥሎት ሲነሳ ግን ምድር ትዞርበት ጀመር። ጉንፋኑ ሄደ፤ ማዞሩ ግን አልለቀቀውም። ዋሴ መጀመሪያ ከመሰላሉ ወረደ፣ ቀጥሎ ከደጅ ቀረ፣ በመጨረሻም ከመደቡ የማይነሳ ሆነ። ከሥራው ይልቅ የሚያንገበግበው ሌላ ነበር። አንዲት ልጁ ትርንጎ ታጭታለች፤ የሠርጓ ዕለት በእግሩ እስከ አጥሩ በር ሊሸኛት ይመኛል።

ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሟ ዓይኑንና ጆሮውን አየች፤ አስተኛችው፣ አስነሳችው።

«ቢላዋ የሚያስነካ ነገር የለብህም» አለችው። «የሚዋጥ መድኃኒትም ብዙ አይረዳህም። ጆሮህ ውስጥ ያለው ሚዛን ተጎድቷል፤ አንተ ደግሞ ፈርተህ ስለተቀመጥክ ሰውነትህ እንደገና አልለመደም። አንገትህን ወደ ቀኝ ወደ ግራ አዙር። ተነስ፣ ተቀመጥ፣ ተራመድ። መጀመሪያ ይብስብሃል፤ ሳትተው ቀጥል።»

«ብወድቅስ?»

«ሰው ከጎንህ ይቁም፤ ካልወደቅክ ግን አይያዝህ። እንግዳ ሲገባም እንደ ወጉ ተነስተህ ኖር በል፤ ለሕፃንም ቢሆን።»

በማግስቱ ጎረቤቱ እትዬ ብርቄ ሲገቡ ዋሴ መደቡን ተደግፎ ተነሳ። ቤቱ ዞረበት። «ኖ...» ከማለቱ እትዬ ብርቄ ጮኹ።

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ያዙት!»

ሚስቱ ፈንታነሽ ሮጣ ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው።

«ሐኪሟ ናት ያዘዘችኝ» አለ። «አንገትህንም አዙር ብላኛለች።»

«ለሚያዞረው ሰው አዙር?» አሉ እትዬ ብርቄ። «እሷንም ሳያዞራት አይቀርም!»

ቤቱ ሳቀ። ዋሴም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ፣ ዋሴ ገና ሲነቃነቅ «በእግዜር!» ይለዋል። በፈጣሪ ስም ተለምኖ እምቢ ማለት ነውር መሰለው። ደግሞ እውነት ለመናገር፣ ትራሱን ሲያደላድሉለትና ሲያጎርሱት አልጠላውም። አንገቱን ማዞሩንም ተወ፤ ሲንገዳገድ ባየች ቁጥር ፈንታነሽ ታለቅስ ነበርና።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ትርንጎ የአባቷን ጉልበት ስማ ቀና ስትል፣ ዋሴ ሁለት እጁን መደቡ ላይ ተክሎ ብድግ ሊል ሞከረ።

«በእግዜር!» አለ ቤቱ በሙሉ። የሚወዱት እጆች ከግራ ከቀኝ ትከሻውን ተጫኑት።

«አባባ፣ ግድ የለም፣ አይነሱ» አለች ትርንጎም፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

እልልታው ወደ አጥሩ በር እየራቀ ሄደ። ዋሴ ልጁን በዚያ በተጎዳ ጆሮው ሸኛት።

«እስቲ ማን እንደሱ ይከበራል?» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ትራሱን እያስተካከሉ።

የምንወደው ሰው ሲንገዳገድ ማየት ያቅተናል። ስለዚህ ለገዛ ዓይናችን ስንል እናስቀምጠዋለን፤ ስሙንም ርኅራኄ እንለዋለን። እሱም እጃችን ስለሚሞቀው ዝም ይላል፤ ለመቆም የተሰጠው ጊዜ ግን ያልፋል።

እናንተስ «በእግዜር» እያላችሁ ያስቀመጣችሁት ማንን ነው?